የላይኛው መተሐራ እግሮች

በላይኛው መተሐራ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» አይባባልም። «እግራችሁ እንዴት አደረ?» ነው የሚባባለው። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ቆሞ አደረ፣ ተመስገን።» እግሩ ቆሞ ያላደረለት ሰው ሰላምታ አያስፈልገውም። ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሹንና ድስቱን ሊያወጣለት በጀልባ ሲመጣ ያየዋል።

ከተማዋ የበሰቃ ሐይቅ አሮጌውን መተሐራ ከዋጠ በኋላ የተሠራች ናት። ሐይቁ አንድ ቀን ተነስቶ አልዋጠም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየሰፋ መጀመሪያ የግጦሹን መሬት፣ ቀጥሎ መንገዱንና ሐዲዱን፣ በመጨረሻም ገበያውን ወሰደ። የሚሸሹት ሸሹ። መሸሽ የታከታቸው ደግሞ ወፋፍራም የብረት ምሰሶ በሐይቁ ወለል ጭቃ ውስጥ እያስተከሉ፣ በእያንዳንዱ ምሰሶ አናት ላይ አንዳንድ ቤት አቆሙ። ቤቱን ከቤቱ በጠባብ ድልድይ አገናኙት፤ ምሰሶውንም «እግር» አሉት። ከሩቅ ሲያዩት ከውሃ ላይ የበቀለ የእንጉዳይ መንደር ይመስላል።

መሐንዲሶቹ እርግጠኞች ነበሩ። ብረት የሚዝገው አየር ሲነካው ነው፤ ከሐይቁ ሥር ያለው ጥቁር ጭቃ ደግሞ አየር የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ከጭቃው በላይ ያለውን ብረት ቀለም ላይ ቀለም ደራርበው ቀቡት፤ ከጭቃው በታች ያለውን እንዲሁ ተዉት።

ጭቃው ውስጥ ግን ነዋሪ ነበረው። በአየር የማይኖሩ፣ እንዲያውም አየር የሚገድላቸው ባክቴሪያዎች ሰው ሳይፈጠር ጀምሮ እዚያው ነበሩ። እኛ በአየር እንደምንተነፍስ እነሱ በውሃው ውስጥ በሟሟው የድኝ ጨው ይተነፍሳሉ፤ ኃይላቸውን ከብረቱ ይስባሉ። ከበሉ በኋላ የሚተዉት ጥቁር አተላና የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነው። የከተማዋ ሰው «በላተኞቹ» ይላቸዋል። ሽታቸው ከወለሉ ስንጥቅ እየወጣ ብር ያጠቁራል፤ የላይኛው መተሐራ ሙሽሮች የእናቶቻቸውን የብር ጌጥ በጨርቅ ጠቅልለው በማሰሮ ከድነው ያስቀምጡታል እንጂ አያደርጉትም።

ሚልኪ ሮባ ሥራዋ የእግር ምርመራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ስለ ባክቴሪያ ነው። ከተመረቀች ጀምሮ በከተማው የእግር ጽሕፈት ቤት ተቀጥራ፣ በጀልባ ከቤት ቤት እየዞረች፣ በላተኞቹ የደረሱበትን ትለካለች። ረጅሙን ዘንግ ጭቃው ውስጥ ሰክታ ስትጠብቅ፣ ብረቱ በምን ፍጥነት እየተበላ እንደሆነ መርፌ ያሳያታል። መርፌው ወደ ግራ ካዘነበለ ደህና ነው። ወደ ቀኝ ካዘነበለ ግን ሚልኪ ዘንጉን የምትስበው ቀስ ብላ ነው፤ እስክትጨርስ ለቤተሰቡ የምትናገረውን ታዘጋጃለች። ከጊዜ ብዛት ሰው ፊቷን ማንበብ ለመደ። ገና ጀልባዋን ስታስጠጋ «ሚልኪ፣ በናትሽ ሳቂልን» ይሏት ነበር።

የምትኖረው በከተማዋ መሐል፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ሶሊያና ጋር ነው። ወይዘሮ ሶሊያና ሐይቁ የዋጠውን የታችኛውን ገበያ በልጅነታቸው በእግራቸው የረገጡ፣ ከቀሩት ጥቂት ሰዎች አንዷ ናቸው። እንደ ማንኛውም ነዋሪ ጠዋት ጠዋት የወለሉን ክዳን ከፍተው፣ ጎንበስ ብለው እግሩን በመዶሻ ይመቱታል። ደህና እግር ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል። የተበላ እግር ድምፁ እንደ እርጥብ ግንድ ነው።

አንድ ጠዋት ሚልኪ የመዶሻው ድምፅ አላቆም ብሏት ከአልጋዋ ወረደች።

«እማዬ፣ ስንቴ ነው የምትመቺው?»

«ሁሉም ሰው ይመታ የለ።»

«አንዴ ነው የሚመቱት። አንቺ ደጋገምሽው።»

ወይዘሮ ሶሊያና መዶሻውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «ድምፁ ወፈረብኝ» አሉ። «ጆሮዬ ይሆን ብዬ ነው።»

ሚልኪ ከእናቷ ቀድማ ታውቅ ነበር። ዘንጓን በገዛ ቤታቸው ሥር ሰክታ መርፌው ወደ ቀኝ ሲሄድባት፣ የሰው ቤት የሚያውቀውን ያን ፊቷን ለእናቷ ላለማሳየት ጀልባዋ ውስጥ ብዙ ተቀምጣ ነበር የገባችው።

«ጆሮሽ ደህና ነው» አለች በመጨረሻ።

እናቷ ክዳኑን መልሰው ዘጉ።

በዚያው ሰሞን የከተማው ምክር ቤት፣ እግሮቹ ክረምቱን አይችሉም ብሎ ውሳኔውን በድምፅ ማጉያ አስነገረ። ነዋሪው ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ ከምዕራቡ ዳር ጀምሮ በየረድፉ ቤቱን እየለቀቀ ወደ ደረቁ ሜዳ ይሄዳል። በዚያ ለሁሉም ድንኳን ተተክሏል። የተለቀቁት ቤቶች ይፈርሳሉ፤ እግራቸውም እየተነቀለ፣ የተረፈው ብረት ለአዲሱ ሰፈር ይውላል። ሰው ይህን «መውረድ» አለው። ደረቁን ሜዳ ያዩ ሰዎች ስለ አቧራው ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ልጅ ሆኜ ከታች ወደ ላይ አወጡኝ» አሉ ወይዘሮ ሶሊያና። «አሁን አርጅቼ ከላይ ወደ ታች ሊያወርዱኝ ነው። ያኔስ ውሃ ነው ያባረረኝ፤ ውሃ ዓይኔ እያየው ነው የመጣው። አሁን የሚያባርረኝን ግን አላየሁትም።»

«እኔ አይቼዋለሁ እማዬ። በማይክሮስኮፕ።»

«እና? ምን ይመስላል?»

«ምንም አይመስልም። ቀጭን ሰረዝ ነው።»

«በሰረዝ ልሰረዝ!» አሉና ወይዘሮ ሶሊያና ሳይፈልጉ ሳቁ። ሚልኪም ሳቀች።

የምዕራቡ ረድፍ መፍረስ ሲጀምር ሚልኪ ክሬን በተጫነበት ትልቅ ጀልባ ላይ ተመደበች። እግር ሲነቀል ማየት ለእሷ እንኳ አዲስ ነበር፤ እስከዚያ ቀን በመርፌ ነበር የምታውቀው። ከውሃው በላይ ያለው ብረት ቀለሙ እንኳ ያልለቀቀ፣ ልጅ የሚያክል ወፍራም ነው። ከጭቃው የሚወጣው ክፍል ግን ታኝኮ እንደተተፋ ሸንኮራ አገዳ ነበር፤ የሳሳ፣ የተቦረቦረ፣ ጥቁር አተላ የሚያንጠባጥብ። ሠራተኞቹ አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ይሠራሉ። ቤቱ እስከ ትናንት በዚያ ላይ ቆሞ ነበር።

በዳሩ የመጨረሻው ቤት የአባባ ናሆም ነበር። አባባ ናሆም የዓሣ አጥንት ይፈጫሉ፤ ዱቄቱን ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ይወስዱታል። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ከወፍጯቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ቅንድባቸው ሁልጊዜ በነጭ ብናኝ የተሸፈነ ነው። የሚልኪ መርፌ በቤታቸው ሥር ሁልጊዜ ወደ ግራ ነበር፤ ደህና እግርን ግን ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ያን ቀን ወፍጯቸውን በጀልባ ጭነው፣ ቤታቸው ሲፈርስ ያዩ ነበር።

ክሬኑ እግሩን ሳበ። እግሩ አልመጣም።

ሹፌሩ ጨመረ። ገመዱ ተወጥሮ ጮኸ፤ ጀልባው ራሱ አፍንጫውን ወደ ውሃው ደፋ። «ምንድነው ይሄ፣ ሥር ሰደደ እንዴ?» አለ ሹፌሩ። ሌላ ገመድ ጨምረው፣ ጭቃውን በውሃ ግፊት እያላሉ፣ ብዙ ከታገሉ በኋላ እግሩ ወጣ። እንደተተከለው ወፍራም ነበር። ከላይ እስከ ታች ግራጫ ነጭ ቅርፊት ለብሷል።

ሠራተኞቹ ደክሟቸው ስለነበር እግሩን ጀልባው ላይ አጋድመው ምሳቸውን ሊበሉ ጥላ ፈለጉ። ሚልኪ ግን አጠገቡ ቀረች። ጭቃ እየጨለፈች አየር በማያስገባ ጠርሙስ ስትከድን፣ ቅርፊቱ ቀለሙን ሲለውጥ አየች። መጀመሪያ ዓይኔ ነው አለች። ግራጫው ወደ ቀላል ሰማያዊ ሄደ። አየሩ በነካው ቁጥር ሰማያዊው እየጠለቀ፣ ሠራተኞቹ አጥበው እስከተዉት ጫፍ ድረስ ተዳረሰ። በዚያ ጥቁርና ቡናማ ብቻ በሚያውቅ ሐይቅ ላይ አንድ ሰማያዊ ነገር በፀሐይ ተጋድሞ ነበር።

«ቀለም ቀባችሁት?» አሉ አባባ ናሆም ከጀልባቸው።

ሚልኪ በቢላዋ ቅርፊቱን ፋቀችው። ጠንካራ ነበር። ከሥሩ ብረቱ አብረቀረቀ፤ ፋብሪካው ያተመበት ምልክት እንኳ አልጠፋም።

«አባባ ናሆም፣ ከቤትዎ ሥር ምን ይጥሉ ነበር?»

ሽማግሌው ተቆጡ። ሐይቁ ውስጥ ምግብ መጣል በላተኞቹን ይቀልባል ተብሎ በከተማው የተከለከለ ነው። «እኔ? እኔ ሐይቅ አላቆሽሽም፣ የኔ ልጅ! ከተማው ይመስክር!»

«የአጥንቱ ብናኝስ?»

«እሱማ በምን ልያዘው? በወለሉ ይወርዳል። ነፍሷን ይማረውና ሚስቴ ልብሴን ስታራግፍ ‹ዓሣ ነው ያገባሁት› ትል ነበር።»

ሚልኪ ሳቋ መጣ፤ ሠራተኞቹ ምሳቸውን ትተው ዞሩ። ሚልኪ በሥራ ላይ ስትስቅ ያያት ሰው ብዙ አልነበረም።

ከጠርሙሱ ያገኘችው ጥርጣሬዋን አጸናላት። የአጥንቱ ፎስፈረስ ከብረቱ በሚሟሟው ጥቂት ብረት ላይ ሲያርፍ፣ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያዎች ሁለቱን አጋብተው ድንጋይ ያደርጉታል። ድንጋዩ እግሩን ይለብሰዋል፤ ከዚያ በኋላ በላተኞቹ ቢመጡም ብረቱን አያገኙትም። እነዚህንም አየር ይገድላቸዋል። ሚልኪ በልቧ «አልባሾቹ» አለቻቸው።

የእግር ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኢንጂነር ኤልዳና ነበረች። ብዙ ዓመት እግር ስታድን የኖረች፣ ከምክር ቤቱ ጋር መውረዱን የፈረመችውም አልቅሳ ነው ይባላል። ሚልኪ ከሰማያዊው ቅርፊት ቁራጭ ጠረጴዛዋ ላይ ስታስቀምጥላት ብዙ አገላብጣ አየችው።

«ያገኘሽው አንድ እግር ነው» አለች።

«አንድም ቢሆን፣ ኢንጂነር፣ ለምን አልተበላም?»

«ከተማውን በአንድ እግር ላቁመው?»

«አይደለም። የሌሎቹን እግር እንደሱ ለማድረግ ይፍቀዱልኝ ነው የምለው።»

ኤልዳና ቅርፊቱን ለብርሃን አነሳችው። «ከተለቀቁት ቤቶች አንዱን ውሰጂ» አለች። «ጀልባዎቹ መሐል ከተማ እስኪደርሱ። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ማዘግየት አልችልም። ክረምት ቀጠሮ አይሰጥም።»

ሚልኪ ቸኮለች። መቸኮሏን በኋላ ራሷም ተናግራዋለች። ከገበያው የዓሣ ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ሆድ ዕቃ፣ ያገኘችውን ሁሉ ሰብስባ በጆንያ እያሰረች ከተለቀቀ ቤት እግር ዙሪያ አሰመጠችው። መርፌው ትንሽ ወደ ግራ ዘመም አለላት። ደስ አላት። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ወደ ቀኝ ሄደ፤ አይታው በማታውቀው ፍጥነት ሄደ። ከውሃው የሚወጣው ሽታ ጎረቤት ድልድዮች ላይ ያለውን ሰው አስመለሰው።

ቤቱ የወደቀው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። መጀመሪያ እንደሚያንቀላፋ ሰው ወደ ጎን ጋደል አለ። ከዚያ ሁለት ድልድይ ጎትቶ ገባ። ውስጡ ሰው አልነበረም፤ ድልድዩ ላይም ማንም አልነበረም። ግን የሁሉም ሰው እጅ አፉ ላይ ነበር።

ኤልዳና አልጮኸችም። ሚልኪ አጠገብ ቆማ ውሃው እስኪረጋ ጠበቀች። «በላተኞቹን ድግስ ጠራሻቸው» አለች በቀስታ። «ወደ ቤትሽ ሂጂና እናትሽን ዕቃ አሳስሪ።»

ከዚያ ቀን በኋላ «ሳቂልን» የሚላት ሰው ጠፋ። በድልድይ ላይ ሲያልፏት «እግራችሁ እንዴት አደረ» የሚሏት እንኳ ዓይናቸውን ሰብረው ነው።

ቤት ስትገባ አባባ ናሆም ምሳ ላይ ነበሩ። ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ወይዘሮ ሶሊያና «ሜዳ ከመውረድዎ በፊት እኛ ጋ ይረፉ» ብለው ወስደዋቸዋል። የተጠበሰ ዓሣ ይዘው፣ እሾሁን እየለቀሙ ሰሐን ዳር ይደረድራሉ። ሚልኪ ቁጭ ብላ እጃቸውን ታይ ጀመር። ከእያንዳንዱ አጥንት ላይ የቀረችውን ሥጋ እንኳ በጥርሳቸው ይፍቁ ነበር።

«ልማድ ነው» አሉ ስታያቸው። «ሥጋ ያለው አጥንት ወፍጮ ያንቃል። ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ካልመጣ አልቀበልም ነበር።»

ሚልኪ ዓይኗን ጨፈነች። ሥጋ። በላተኞቹ ሥጋ ሲያገኙ በዙ፤ ብዛታቸው ደግሞ ብረቱ ላይ ዋለ። አልባሾቹ የሚፈልጉት ንጹሕ አጥንት ብቻ ነበር። ያም ሆኖ የአባባ ናሆም ብናኝ ዕድሜ ልካቸውን ነው የወረደው፤ እሷ ግን ያን ያህል ጊዜ የላትም። አጥንቱን ዛሬ ብትጨምር አልባሾቹ እስኪመጡ፣ እስኪበዙ፣ ክረምቱ አልፎ ቤቱም አልፎ ይሆናል።

«ጠላ የምትጠምቅ ሴት» አለች በድንገት ዓይኗን ከፍታ፣ «ጥንስሷ ቢበላሽባት ምን ታደርጋለች?»

እናቷ ግራ ተጋብተው አዩዋት። «ከጎረቤት ትዋሳለቻ!»

«የአባባ ናሆም እግር ወጣ እንጂ ጉድጓዱ አልወጣም። እዚያ ያለው ጭቃ አሁንም ሕያው ነው። ከዚያ ተዋስን ማለት ነው።»

«ታዲያ በባልዲ አምጪው።»

«አየር ከነካቸው ያልቃሉ፣ እማዬ። ከጭቃ ወደ ጭቃ፣ ውሃ ለውሃ ነው መምጣት ያለባቸው።»

ወይዘሮ ሶሊያና ሰሐኑን ገፋ አደረጉ። «የማንን ቤት ልትሞክሪ ነው?»

«የተለቀቀ ቤት ከእንግዲህ አይሰጡኝም።»

«የኔን ውሰጂ።»

«አይሆንም! ብትወድቂስ?»

«ካልሞከርሽው አይወድቅም?»

ያን የሚልኪን ፊት እናቷ ካነበቡት ቆይተዋል።

ቱቦ መሰብሰብ የጀመሩት አባባ ናሆም ናቸው። በጀልባቸው ቤት ለቤት እየዞሩ «የአትክልት ማጠጫ ያለህ፣ የገንዳ መሙያ ያለሽ፣ የተቀደደም ቢሆን» ይላሉ። ሰው መጀመሪያ በሩን ገርበብ አድርጎ አያቸው። ቤት የጣለችውን ልጅ ዳግም ማን ያምናታል? ግን የሚጠየቀው ቱቦ ነው፤ ቱቦ ደግሞ ለደረቁ ሜዳ አይጠቅምም። አንዱ ሰጠ። ሁለተኛዋ «የወይዘሮ ሶሊያና ቤት ነው?» ብላ ጠይቃ፣ «አሮጊቷ ራሳቸው ውስጡ እያሉ?» ብላ ደግማ ጠይቃ፣ ቱቦዋን ይዛ ራሷ መጣች። በነጋታው ከምዕራቡ ዳር እስከ መሐል ከተማ፣ አረንጓዴው ከጥቁሩ፣ ወፍራሙ ከቀጭኑ እየተጋባ በውሃው ላይ ተዘረጋ። ዋናተኞች ውሃ ውስጥ ሆነው መጋጠሚያውን አንድ በአንድ አሰሩት፤ የአየር አረፋ የወጣበት ቦታ ሁሉ ተፈቶ እንደገና ታሰረ። የቀረው ሰው አጥንት ያጥብ፣ ያደርቅ፣ ይወቅጥ ነበር። የአባባ ናሆም ወፍጮ በወይዘሮ ሶሊያና ድልድይ ላይ ተተክሎ ከተማውን ሙሉ አናወጠው።

የጎደለው ፓምፕ ነበር። በእጅ የሚገፋው ጭቃውን ማንቀሳቀስ አቃተው። ሚልኪ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቷ ቆማ እጀታውን ስትታገል፣ የጽሕፈት ቤቱ ጀልባ አጠገቧ ቆመ። ላዩ ላይ የከተማው ትልቁ ፓምፕ ነበር። ኤልዳና ራሷ ነበረች የምትነዳው።

«ይሄ ፓምፕ ተበላሽቷል ተብሎ ከሥራ ወጥቷል» አለች ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች። «እኔም ምሳ ላይ ነኝ።»

«ኢንጂነር…»

«ምሳ ላይ ነኝ አልኩሽ። ቱቦውን አቀብዪኝ።»

ጭቃው መጣ። ከአባባ ናሆም ጉድጓድ ተነስቶ፣ ከተማውን በቱቦ አቋርጦ፣ ፀሐይና አየር ሳያየው በወይዘሮ ሶሊያና እግር ሥር ገባ። ንጹሑ የአጥንት ዱቄት ከላዩ ወረደ። ከዚያ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ።

መጠበቁ ከሥራው ከፋ። ሚልኪ በየቀኑ ዘንጓን ትሰካለች፤ መርፌው በቀኝ በኩል እንደተተከለ ነው። የመሐሉን ረድፍ የሚያወርዱት ጀልባዎች መጡ። ጎረቤቶቻቸው ፍራሽና ድስት ጫኑ። ወይዘሮ ሶሊያና በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። «ልጄ ጥንስስ ጥላለች» አሉ ለጀልባው ሰዎች። «ጥንስስ ጥሎ ቤት አይለቀቅም።» የጀልባው ሰዎች ወደ ኤልዳና አዩ። ኤልዳና «በመጨረሻው ዙር» አለች።

ደመናው ከፈንታሌ ተራራ ጀርባ መቆለል ሲጀምር መርፌው ተንቀሳቀሰ። ሚልኪ አላመነችውም። ዘንጉን አውጥታ ጠርጋ እንደገና ሰካችው። ወደ ግራ። በማግስቱም ወደ ግራ። ያ የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ አታልሏት ስለነበር ለማንም አልተናገረችም፤ ግን በዚህኛው ጊዜ መርፌው አልቆመም፤ አልተመለሰም። እየቆየ፣ እየቆየ፣ ሚልኪ በአባባ ናሆም ቤት ሥር ብቻ አይታው የምታውቀው ቦታ ደርሶ አረፈ።

ጠላቂ ወርዶ ከእግሩ ጎን በመዶሻ የፈረከሳትን ትንሽ ስባሪ አመጣላት። እናቷ፣ አባባ ናሆምና ኤልዳና ከበቧት። መዳፏ ላይ ግራጫ ነበረች። ስባሪዋ በሚልኪ መዳፍ ላይ ቀስ እያለች ሰማያዊ ሆነች።

ኤልዳና ፊቷን አዞረች። ስትመለስ ድምጿ የሥራ ድምፅ ነበር። «ምክር ቤቱ በቀለም አያምንም» አለች። «ቤቱ ክብደት ተጭኖበት መቆም አለበት። ሕጉ የሚለውን እጥፍ።»

የክብደቱ ሙከራ ቀን ምክር ቤቱ በሙሉ በጀልባ መጣ። ያልወረደው ሕዝብ ድልድዩን ሞላው፤ ከወረዱትም ወሬውን ሰምተው የተመለሱ ነበሩ። ችግሩ አሸዋው ነበር። ለሙከራ የሚጫነው የአሸዋ ጆንያ ሁሉ ለድንኳኖቹ መደገፊያ ተብሎ ወደ ደረቁ ሜዳ ወርዷል። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ «እንግዲህ ሌላ ቀን» ሊሉ ሲጀምሩ አባባ ናሆም ከድልድዩ ተነስተው ወደ ቤቱ ገቡ።

«የት ነው የሚገቡት?» አሉ ሰብሳቢው።

«ልመዘን ነዋ!» አሉ አባባ ናሆም። «ከአሸዋ አንሳለሁ?»

በዚያች ከተማ ሰው በእንግድነት ሲሄድ በድልድዩ አፍ ተመዝኖ ነበር የሚገባው። ሠርግ በዙር ይበላ ነበር፤ ለቅሶ በፈረቃ ይለቀስ ነበር። ከአንድ እጅ ጣት የበለጠ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ ያየ ልጅ አልነበረም። አሁን የቱቦ ሰጪዋ ሴት ገባች። ዋናተኞቹ ገቡ። የክሬኑ ሹፌር ገባ። ሚዛን ጠባቂው የእያንዳንዱን ክብደት እየጠራ ነበር፤ በኋላ ድምፁ በሰው ጫጫታ ተዋጠና ተወው። ሳሎኑ ሞላ፣ መኝታ ቤቱ ሞላ፣ በረንዳው ሞላ። ሕጉ የሚለው ደረሰ። እጥፉ አለፈ። ኤልዳና ወለሉ ላይ ተንበርክካ ውሃ ልኳን አስቀመጠች፤ ብልቃጧ ውስጥ ያለችው አረፋ መሐል ላይ ነበረች።

ሚልኪ ከእናቷ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ያን አረፋ ታያለች። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሶሊያና ወለሉን በእግራቸው መቱት። አንዴ። ሰው ሁሉ ደንግጦ ዞረ። በላይኛው መተሐራ ወለል መምታት ነውር ነው፤ ዘፈን ሲመጣ በትከሻ ብቻ ነው የሚጨፈረው።

ወይዘሮ ሶሊያና ደግመው መቱት። «ታች ገበያው ውስጥ» አሉ ለሁሉም፣ «ከብት ሲሸጥ እንዲህ ነበር የምንረግጠው። ትዝ ይለኛል።» ሦስተኛውን ሲመቱ አባባ ናሆም አብረው መቱ። ከዚያ የክሬኑ ሹፌር አቅራራ፤ ከዚያ ማን እንደቀጠለ አልታወቀም። ቤት ሙሉ ሰው ወደ ላይ እየተነሳ ወደ ታች ወረደ። ድስቶች ከመደርደሪያ ወደቁ። ልጆች እየጮኹ ሳቁ። በድልድይ ላይ የቀሩት መግባት ስላልቻሉ ባሉበት ያጨበጭቡ ጀመር።

«አረፋዋ!» ጮኸች ሚልኪ። «ኢንጂነር፣ አረፋዋ የት ናት?»

ኤልዳና ውሃ ልኳን ከወለሉ አንስታ፣ ሰብሳቢው እንዲያዩት የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። «መሐል!» አለች። «መሐል ናት!»

ሰብሳቢው ጀልባቸው ውስጥ ቆመው ብዙ አዩ። ከዚያ የመጨረሻውን ዙር ሊያወርድ የመጣውን ጀልባ ነጂ በእጃቸው ጠሩት። «ተመለስ» አሉት። «ወደ ሜዳው ሂድና ቱቦ ያለው ሰው ሁሉ ቱቦውን ይዞ እንዲመለስ ንገር።»

ኤልዳና አሁንም ተንበርክካ ነበር። ወይዘሮ ሶሊያና በሕዝቡ መሐል ገብተው ክንዷን ያዟት።

«ተነሺ እንጂ» አሏት። «አንቺም ክብደት ነሽ!»

ኢንጂነር ኤልዳና ጫማዋን አውልቃ ጭፈራው ውስጥ ገባች። ሚልኪም ግድግዳውን ለቀቀች። ከቤቱ ሥር የተነሳው ሞገድ ክብ ክብ እየሠራ በሐይቁ ላይ እስከ ምዕራቡ ዳር ተጓዘ፤ ቤቱ ግን ንቅንቅ አላለም።